ዲዛይን የባነር ምርቃት በሆነበት ከተማ፦ ጎንደር ላይ በግል ለሚሠሩ ሠዓሊዎችና ዲዛይነሮች ጥቆማ

«በግል ልሠራ ነው። የት ላሳትም? በምን ልሥራ? ስንት ልበል?» ብላ በዚህ ዓመት የተመረቀች አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። አጭር መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ የት እንደምታሳትም ካልነገርኳት ስንት እንደምትጠይቅ ልነግራት አልችልምና። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ለሁላችሁም ልጻፈው። እኔ በሥራው ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ቀን ቀን አርማ፣ የሠርግ መጥሪያና ባነር፣ ማታ ማታ ደግሞ ሸራ ላይ ነኝ። ከምጠቁመው ሁሉ ማንም አምስት ሳንቲም አልከፈለኝም።

ከማተሚያ ቤት ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ፒያሳን ዞር ዞር ብትሉ «ባነር ለሚያሠራ ዲዛይን በነጻ» የሚል ወይም እሱን የመሰለ ማስታወቂያ ማየታችሁ አይቀርም። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸምት ሰው ሚዛኑ ከሞላ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ይላል፤ ነጋዴዋም አንድ እፍኝ ጣል ታደርግለታለች። ዲዛይን በእኛ ከተማ ያች እፍኝ ሆናለች። ደንበኛው ባነሩን በካሬ ሜትር ለክቶ ይገዛል፣ አሳቡን ደግሞ እንደ ምርቃት ይወስዳል። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ «እዚያ በነጻ ነው የሚሠሩልኝ» ሲለኝ እየዋሸ አይደለም። የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ ውስጥ ተጨፍልቆ እንደ ከፈለበት ግን አያውቅም።

በመሆኑም ማተሚያ ቤት ስመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዲዛይን ይዞ ለሚመጣ ሰው ዋጋችሁ ይቀንሳል?» ነው። «አይቀንስም» ካሉኝ የእኔን ሥራ ዋጋ ለራሳቸው እያስቀሩ ነው ማለት ነው። «ይቀንሳል» ካሉ፣ ወይም ለዲዛይነሮች ሌላ ዋጋ ካላቸው፣ እዚያ እቀመጣለሁ። ፒያሳ አካባቢ እንዲህ ያሉ አሉ፤ አምስት ቤት ጠይቄ ሁለቱ ተስማምተውልኛል፣ እስካሁንም ከእነሱ ጋር ነኝ።

በየአካባቢው ያለውን ልዩነት በአጭሩ ልናገር። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ፣ በተለይ ማራኪ በኩል ያሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለጥራዝና ለጥቁርና ነጭ ኅትመት ፈጣኖችና ርካሾች ናቸው፤ ቀለሙ እንዲጠበቅ የምትፈልጉትን ሥራ ግን አትውሰዱላቸው። ለባነር፣ ለስቲከርና ለሮል አፕ (ተጠቅልሎ ተዘርግቶ የሚቆም ባነር) ፒያሳ ይሻላል። ብዛት ያለው መጽሔት፣ የዓመት መቁጠሪያ ወይም የማሸጊያ ካርቶን ከሆነ እኔ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው የምልከው። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ግን «በሁለት ቀን ይደርሳል» ብላችሁ ለደንበኛ ቃል እንዳትገቡ። እኔ ገብቼ አፍሬያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ለአንድ የወጣቶች ማኅበር ስድሳ ቲሸርት እንዲታተም ፋይል ሰጠሁ። የጥር ወረፋ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ባነሩ፣ ቲሸርቱ፣ የኮፍያው ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ሳምንት ነው። የተጠቀምኩበት ፊደል (ፎንት) እነሱ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ሲከፍቱት ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆነ። ልጁ እኔን ከመደወል ይልቅ በራሱ ፊደል እንደገና ተየበው። ጥቅሉን ስፈታው የላይኛው ቲሸርት ደረት ላይ «ጠምቀተ ባሕር» ይላል። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ ያው ነው። ስድሳ ወጣት ግድፈት ደረቱ ላይ ተሸክሞ ታቦት ሊያጅብ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ግማሹን ኪሳራ ቻለ፣ ግማሹን እኔ ቻልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፍርዱ ልክ ነበር። ፋይሉን ከመስጠቴ በፊት ፊደሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ እንደ ሥዕል ስለሚሆን ፎንቱ ባይኖርም አይበላሽም። በዲዛይን ፕሮግራሞቹ በኢላስትሬተርም በኮረል ድሮውም በኢንክስኬፕም ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉ ሊታረም የሚችለውን ፋይል ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ወደ ቅርጽ የተለወጠው ፒዲኤፍ ይሁን። ሥራችሁን ሌላ ሰው እየቀያየረ እንዳይጠቀምበትም በመጠኑ ይከላከላል።

የቀለም ነገርም አለ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከብርሃን ነው፤ ማተሚያው ግን ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊ ቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ቀለም ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ባነር ላይ ደብዝዞ ቢወጣ ባለ ማሽኑን አትሳደቡ፤ ያ ሰማያዊ መጀመሪያውኑ በቀለም አይገኝም። መዳፍ የምታክል ናሙና አሳትማችሁ ለደንበኛው አሳዩ። ናሙና በፈገግታ የሚያወጣ ማተሚያ ቤት ካገኛችሁ ሌላ ቤት አትፈልጉ። ጥራቱን በተመለከተ ለመጥሪያና ለካርድ በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ትልቅ ባነር በሙሉ መጠኑ 100 ይበቃል። ከዚያ በላይ ፋይሉን ማክበድ ብቻ ነው።

ወደ መሣሪያ ስንመጣ ከዴስክቶፕ ላፕቶፕን እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያድን ባትሪ አለውና። ዴስክቶፕ ካላችሁ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) አትሥሩ፤ ዩፒኤስ የሚገዛው ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ ለመዝጋት ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ፋይላቸውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡ ጓደኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ እኔ ፍላሽ በኪሴ ይዤ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ስዞር ከረምኩ። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይኑራችሁ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ኮምፒውተር ላይ በብዕር ለሚሣልበት ሰሌዳ ዋኮም ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ሁዮን ወይም ኤክስፒ ፔን ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ ስታስመጡ የብዕሩን ትርፍ ጫፎች አብራችሁ አስመጡ። እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም፤ አንድ ወር ሙሉ ያለቀ ጫፍ ይዤ ሰሌዳውን ጭሬዋለሁ። ከሶፍትዌር ክፍያ የማይጠይቁት ኢንክስኬፕና ክሪታ ለአብዛኛው ሥራ ያደርሳሉ። ኢንክስኬፕ ሥራውን ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች በመለየት ደካማ ስለሆነ የመጨረሻውን ማስተካከያ ባለ ማሽኑ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ አድርጉ። ለግዕዝ ፊደል ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ የሚገኙ፣ ለንግድ ሥራም የተፈቀዱ ናቸው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑ ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ከተሰጣችሁ ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ስለሚሆን እንደገና ለመተየብ የሚወስደውን ጊዜ አስከፍሉ። እሱም ሥራ ነው።

ሥዕል ለምትሠሩት ደግሞ፦ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ አክሪሊክ ቀለም ዋጋው እንዴት እንደ ተሰቀለ ያያችሁት ነው። አንዳንዱ ወደ ግድግዳ ቀለም ዞሯል። ለግድግዳ ሥዕል ምንም አይልም፤ ለሚሸጥ ሸራ ግን አልመክርም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሊፈዝና ሊሰነጣጠቅ ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚሰነጣጠቀው ስማችሁ ነው። እኔ የማደርገው ነጩንና ጥቁሩን ከርካሹ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ከጥሩው መግዛት ነው። ሸራ በአቡጀዴ ራሴ እወጥራለሁ፤ ክፈፉን ለአናጺ አሠርቼ ማዕዘኑን በክር እለካለሁ፣ ሁለቱ ሰያፍ እኩል ካልሆኑ አልቀበልም። ብራና የምትፈልጉ ከሆነ ደብተራዎችንና ጸሐፊዎችን ጠይቁ እንጂ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ያለውን አትግዙ። በደንብ ያልተፋቀና ያልተወጠረ ቆዳ ክረምት ሲገባ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል።

የዋጋ አወጣጥን የተማርኩት ከአንድ አዛውንት ሠዓሊ ነው። የቱሪስት ሥዕል ሲያስከፍሉ ሸራውን በሜትር አይለኩም፤ ፊት ነው የሚቆጥሩት። «ልብስና ፈረስ ተማሪም ይሞላዋል፤ ዓይን ግን ጊዜ ይፈልጋል» ይሉኛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው ይህን ሒሳብ አይቃወምም። እኔም ለአርማ ሥራ ከእሳቸው ቀዳሁ፦ ለገጽ ብዛት ወይም ለመጠን አላስከፍልም፤ ጊዜ ለሚወስደው ነገር ነው የማስከፍለው። የመጀመሪያ አሳብ፣ ሁለት ማሻሻያ፣ የመጨረሻ ፋይል። ከሁለት ማሻሻያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ «ትንሽ ብቻ ነካ አድርገው» የራሱ ዋጋ አለው። በነገራችን ላይ በጎንደር ሥዕል ክፉ ሰው በአንድ ዓይን፣ በጎን ነው የሚሣለው፤ ሒሳቤን ያልከፈሉኝን ሰዎች በጎን እየሣልኩ ማስታወሻ ደብተሬን ሞልቼዋለሁ።

ሥዕል ለሚሸጡ ሱቆች የምትሰጡ ከሆነ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ፋሲል ግቢ አካባቢ አንዳንዱ ቆጥሮ ይገዛችኋል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ገንዘቡ ግን ዛሬ እጃችሁ ይገባል። ሌላው ሲሸጥ ያካፍላል። እንግዳ በጠፋበት ወቅት ማካፈል ማለት ሥዕላችሁ እዚያ አቧራ ይጠጣል ማለት ነው። እኔ ትንንሾቹን ቆጥሬ እሸጣለሁ፣ ትልልቆቹን ቤቴ አስቀምጣለሁ። ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ሸራ ከተከፈፈው ቶሎ ይሸጣል።

ክፍያን በተመለከተ የማልደራደርበት ነገር ቀብድ ነው። ግማሹ ሳይገባ እርሳስ አላነሳም። በቴሌብርም በባንክም ይግባ፣ ግድ የለኝም፤ «እጅህ ይባረክ» ግን ቀብድ አይደለም። ይህን ሕግ ያወጣሁት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሦስት ንድፍ አሳይቼው «አስበንበት እንደውላለን» ካለኝ በኋላ ነው። ሁለት ወር ቆይቼ በዚያ ሳልፍ ሁለተኛው ንድፌ በር ላይ ተሰቅሏል፤ የአንበሳው ጅራት ጠፍቶ፣ ዘውዱ ተንጋዶ። የሰቀለው ሰው ሲያየኝ «ተመስገን፣ አሳብህ ጠቅሞናል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ በስልክ አልክም። አትሜ አሳያለሁ፣ ወረቀቱንም ይዤ እመለሳለሁ።

ለድርጅት ከሠራችሁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድማችሁ አውጡ። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት መለያ ቁጥር ከሌላችሁ ከክፍያችሁ ላይ 30 በመቶ ቆርጠው ያስቀራሉ። ከ12,000 ብር 3,600 ሲሄድብኝ ነው እኔ የነቃሁት። ሁለተኛው ወረቀት ውል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራን ሥራ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የአዛዡ ንብረት ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ብትሆንም ጻፏት፦ አርማው ለምን ለምን እንደሚውል፣ ዋናው ፋይል የማን እንደሆነ፣ ስማችሁ የት እንደሚጠቀስ። በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግርጌ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ፣ ስሙ ከጎኑ ተጽፎ ታያላችሁ። የሠዓሊውን ስም ግን ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ብዙውን ጊዜ የለም።

ጭማሪ፦ አንድ ወንድሜ «ሁሉም ማተሚያ ቤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በነጻ የሚሠሩትም ልጆች የእኛው ባልደረቦች ናቸው» ብሎ ገሥጾኛል። ልክ ነው። እዚያ ተቀጥረው በቀን ሃያ ባነር የሚሠሩትን ልጆች አልወቀስኩም፤ ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ቅሬታዬ በር ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ነው።

ሌላ ጭማሪ፦ ለጠየቀችኝ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን የዋጋ ማቅረቢያ አሳዪኝ ብያት ነበር፤ ትናንት ማታ ላከችልኝ። ኅትመት ለብቻው፣ ዲዛይን ለብቻው በሁለት መስመር ተጽፏል። አራት ማሻሻያ ብላ የጻፈችውን ሁለት እንድታደርገው፣ ቀብዱንም ከግርጌ ወደ ላይ እንድታወጣው ብቻ ነግሬያታለሁ።