ጥቆማ፦ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ጎንደር ላይ የት ይሻላል?

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳርም ግፊትም አለበት። መድኃኒቱን በየወሩ ከግል ፋርማሲ ነው የምገዛው፤ አልቻልኩም። የት ይሻለኛል? የጤና መድን ካርዱስ ያዋጣል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔም ከእናቴ ጋር ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ።

ካርዱ ያዋጣል። ምርመራውና ላብራቶሪው ብቻ መዋጮውን ይመልሳል። የምዝገባው ወቅት እንዳያመልጥሽ ቀበሌ ጠይቂ። ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ሂዱ፤ ዘላችሁ ሆስፒታል ከገባችሁ ጣጣ አለው።

ችግሩ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ነው። እናቴ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምራ ተሰልፋ፣ ከታዘዙላት ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ብቻ ተገኘ። «ሌላውን ከውጭ ግዙ» ተባልን። «ታዲያ መድኑ ከምኑ ነው ያዳነኝ?» አለችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ስለ መድን የሚወራው ሁሉ እዚች ላይ ነው የሚያልቀው። መዋጮውን የሚጠላ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ሰውን የሚያናድደው «የለም» መባሉ ነው። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ሲሰጥ የስኳሩ ለምን አይሆንም የሚልም ሞልቷል። እኔም አንዱ ነኝ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼማ ከነጭራሹ አይፈልጉትም። ለእኛ ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው፤ አዋጁ የወጣው በ2002 ነው። ከደመወዝ ይቆረጣል በተባለ ቁጥር «ተቆርጦብኝም ከውጭ ልገዛ?» ይላሉ። ገበሬው ቀድሞናል፤ የማኅበረሰብ አቀፉ መድን (ያንቺ ካርድ የዚህ ነው) በ2003 ሲሞከር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች።

ወደ ግዢው ልመለስ። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ወይም የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት፤ ካለ ርካሹ እሱ ነው። ከሌለ ቀይ መስቀልን ሞክሪ፣ ዋጋው ደህና ነው። የግል የመጨረሻ ይሁን፤ እሱንም ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቀሽ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አንድ አይደለም። አንዴ ሳልጠይቅ ከፍዬ፣ እዚያው መንገድ ማዶ በግማሽ ዋጋ አገኘሁት። አንጀቴ አረረ።

ማዘዣው ላይ ሜትፎርሚን (የስኳር) ወይም አምሎዲፒን (የግፊት) ካለ በዚሁ ስሙ ጠይቂ። «የውጩ ይሻላል» ብለው ውዱን ሊያወጡልሽ ይችላሉ፤ ንጥረ ነገሩ ያው ነው። ለመቀየር ግን ሐኪሙን አማክሪ።

ሌላ መልስ፦ ኢንሱሊን ከሆነ ዋጋውን ብቻ አትይ። ፍሪጅ ያለው፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር የሚያስነሳ ቤት ምረጪ። እኔ አዘዞ ነኝ፤ ለኢንሱሊን ብዬ ፒያሳ ድረስ እወጣለሁ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ከውጭ የገዛነው ይመለስልናል?

መልስ፦ እሱን ቀበሌያችሁ ያለውን የመድን አስተባባሪ ጠይቂ። ለማንኛውም «የለም» የተባለበት ማዘዣ ላይ ማኅተም አስመቺ፣ ደረሰኙንም አትጣይ።