ረቂቁ ከ«ግንዛቤ» ይውጣ፦ ለሐዋሳ የቤተሰብ ዕቅድ የጋራ ሐሳባችን

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እህቶችና ወንድሞች፣ የቤተሰብ ዕቅድ ጥናታችንን ረቂቅ ከላይ አያይዣለሁ። ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ የማይጠቀሙበትን ምክንያት አጥንተን ሥልጠና እንሰጣለን፣ በራሪ ወረቀት እናሳትማለን ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦
በረቂቁ ላይ የችግሩ መነሻ «የግንዛቤ እጥረት» መባሉን አልቀበልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ባለትዳር ሴቶች 99ኙ ቢያንስ አንድ የመከላከያ ዘዴ ያውቁ ነበር። የሚጠቀሙት ግን 36 ነበሩ። 22ቱ ልጅ ማራራቅ ወይም መውለድ ማቆም እየፈለጉ ምንም አይጠቀሙም ነበር። ለእነዚህ ሴቶች በራሪ ወረቀት ምን ይጨምርላቸዋል?

በቅርቡ አንዲት እናት አራተኛ ልጇን አዝላ መጣች። በክንድ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረው መከላከያ ማስረዳት ስጀምር እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «ባሌ ክንዴን ሲይዘኝ ይዳስሰዋል» አለችኝ። መርፌውን ወሰደች። ከዚያ የቀጠሮ ካርዷን እኔ ዘንድ እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ። መርፌው በየ3 ወሩ ነው፤ ካርድ ቤት ውስጥ ማኖር የማትችል ሴት ቀኑን በምን ታስታውስ? በአገራችን መርፌ ከሁሉም ዘዴ በላይ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ አይታይም።

አባል፣ ከሐዋሳው ሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ፦
ሲስተር ልክ ነዎት። እኛ ጋ ደግሞ አማት አለች። ሙሽራዋ ዓመት ሳይሞላት «ምነው ዝም አልሽ?» ትባላለች፤ የመጀመሪያውን ሳትወልድ ስለ መከላከያ ማንሳት ነውር ነው። ስለዚህ የጥናቱ መጠይቅ ዕድሜና ትምህርት ብቻ አይጠይቅ፤ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ከማን ጋር እንደምትኖርም ይጠይቅ። በሲዳምኛም ይዘጋጅ፣ ያለበለዚያ እናቶቻችን በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ሊመልሱ ነው።

አባል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፦
የሥራ ፈረቃም ይጨመር። እኔ ስወጣ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል።

የዕድር ዳኛ፦
ልጆቼ፣ ባሎችን ለእኔ ተዉልኝ። በዕድር ስብሰባ ቀን ወንዱ ሁሉ አለ፤ ሚስቶቻችሁን ስሙ፣ አብራችሁም ሄዱ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ነርስ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለሁሉም በአንድነት ይነገር እንጂ ማንም «ሚስትህ መጥታ ነበር» እንዳይባል። በድብቅ የምትጠቀመዋን ሴት ልናስደበድባት እንችላለን። መጠይቁም ብቻዋን ሆና፣ በሴት ጠያቂ ይሞላ።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ይወጣል፤ በቦታው «ከባል ጋር መነጋገር፣ የልጆች ብዛት፣ የአማት ጫና፣ ትምህርት፣ የሥራ ሰዓት» ይገባል። ለበራሪ ወረቀቱ የታሰበው ገንዘብ ሲዳምኛ ለሚናገሩ ሴት ጠያቂዎች ይዛወር። የጋሼን የዕድር ሐሳብ ከጥናቱ በኋላ ባለው ምዕራፍ አስገባዋለሁ። ለጤና ጣቢያው ቅዳሜ ከሰዓት እንዲከፈት የምንጠይቅበትን ደብዳቤ የፓርኳ እህታችን ትጀምረው። ሲስተር፣ ስለ ምስጢር አጠባበቅ የሚለውን ገጽ እርስዎ ጽፈው እስከ ማክሰኞ ይላኩልኝ።