አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ከየት ልጀምር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዲቪ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አገር ቤት በነርሲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ስድስት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ሠርቻለሁ፣ ሁለቱን ዓመት ማዋለጃ ክፍል። አሁን አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ጂኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ እሠራለሁ። አንዳንዶች "የአገር ቤቱን ዲግሪ እርሺው፣ እንደ አዲስ ኮሌጅ ግቢ" ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ "ወረቀትሽን አስገምግመሽ በቀጥታ ለአርኤን (ለተመዘገበ ነርስ ፈቃድ) ፈተና ተቀመጪ" ይላሉ። ባለቤቴ ገና አልመጣም፣ ለእናቴም በየወሩ እልካለሁ፤ የማባክነው ጊዜም ገንዘብም የለኝም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከላውረል፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ነው የታየኝ። ዲግሪሽን አትርሺው። ወረቀትሽን በዚህ ሳምንት አስጀምሪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኔ አራት ዓመት ስላዘገየሁት ነው።

እንዴት እንደዘገየሁ ልንገርሽ። ደብል እሠራ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገብቼ ከምሽቱ አምስት ሰዓት እወጣለሁ። ደሞዙ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል፣ ኪራይ ይከፈላል፣ ከአገር ቤት ይደወላል። "እስኪ ትንሽ ላጠራቅምና እጀምራለሁ" እያልኩ አንዱ ዓመት ሌላውን ወለደ። አብረውኝ ከሚሠሩት ውስጥ አገር ቤት ነርስ የነበሩ፣ ጤና መኮንን የነበሩ፣ እዚያው አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው አሉ። ሥራው ክቡር ነው፤ የሰው እናትና አባት አጥቦ፣ አጉርሶ፣ ጀርባውን አሽቶ ማሳደር ቀላል ነገር አይደለም። ግን ማታ ማታ አንዷ አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው ያቺ የቀድሞ የጤና መኮንን ናት፤ የምትችለው ግን ነርሷን መጥራት ብቻ ነው። ያንን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ወደ ወረቀቱ ልግባ። የውጭ ነርሶችን ትምህርት ከሚገመግሙት ዋናው ሲጂኤፍኤንኤስ የሚባለው ድርጅት ነው። በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ብሎ ስለቀየረ በሁለቱም ስም ስትሰሚ ግራ እንዳይገባሽ። ፈቃዱን የሚሰጥሽ ግን የምታመለክቺበት ስቴት ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ነው፣ የሚጠይቀውም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ ብር ከመክፈልሽ በፊት የቦርዱን መመሪያ ራስሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከሰው የሰማሽው የሌላ ስቴት ደንብ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ዲግሪ መያዝሽ ብቻውን አይበቃቸውም። በአዋቂዎች ሕክምናና ቀዶ ሕክምና፣ በእናቶችና ጨቅላ ሕፃናት፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ሕክምና፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንደተማርሽና ስንት ሰዓት ለተግባር እንደወጣሽ ለየብቻ ማየት ይፈልጋሉ። የእኛ ትራንስክሪፕት ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሬዲት አወር ጽፎ ዝም ይላል።

እኔን የያዘኝ የአእምሮ ሕክምናው ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ወጥቻለሁ። ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ከታካሚዎቹ ጋር ስናወራ፣ ኢንስትራክተራችን ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያዳምጠን አሁንም ይታየኛል። ወረቀቱ ላይ ግን "ሳይካትሪክ ነርሲንግ፣ 3 ክሬዲት" ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለም። ከግምገማው የመጣልኝ መልስ "የተግባር ሰዓት አልተገለጸም" የሚል ነበር። ወንድሜ ትምህርት ቤቱ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ሬጅስትራሩ "ዲፓርትመንት ሂድ" ይለዋል፤ ዲፓርትመንቱ "ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው" ይለዋል። በመጨረሻ አንዲት የድሮ አስተማሪዬ የእኛን ዘመን ካሪኩለም ከመደርደሪያ ፈልጋ አወጣች፣ ሰዓቱን ቲዎሪና ተግባር ብላ ከፋፍላ ጻፈች፣ ማኅተም ተመቶበት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ተላከልኝ። ዘጠኝ ወር ፈጀ። እግዜር ይስጣት።

አንቺ ትራንስክሪፕትሽ ከመላኩ በፊት ያ የሰዓት ዝርዝር አብሮ እንዲገባ አድርጊ። በአንቺ እጅ የመጣ ወረቀት አይቀበሉም፤ ከሚመለከተው ቢሮ በቀጥታ ለእነሱ መላክ አለበት። የሙያ ፈቃድሽ ማረጋገጫም ፈቃዱን ከሰጠሽ የጤና መሥሪያ ቤት እንደዚሁ ነው የሚሄደው።

ስምሽንም ዛሬውኑ አስተያዪ። የአባቴ ስም ፀጋዬ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በ"ቲ ኤስ"፣ ዲግሪዬ ላይ በ"ቲ ዜድ"፣ የሙያ ፈቃዴ ላይ በ"ኤስ" ብቻ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ፋይሉን ለሚያየው ሠራተኛ ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። የአያትሽ ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ከሌለም ቀድመሽ አስተካክዪው።

ፈተናው ኤንክሌክስ ነው። ምዝገባው 200 ዶላር ነው፣ ለቦርዱ የሚከፈለው ለብቻው ነው። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ አዲሱ ዓይነት ገብቷል፤ ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ኮምፒዩተሩ በመልስሽ ልክ እያከበደ ስለሚሄድ ከባድ ከባዱ ሲደራረብብሽ አትደንግጪ። ከወደቅሽ ከ45 ቀን በኋላ ትደግሚያለሽ። እኔ ያለፍኩት በሁለተኛው ነው።

ለምን እንደወደቅሁ ቆይቶ ነው የገባኝ። የአገር ቤት ፈተና "የዚህ በሽታ ምልክቱ ምንድን ነው?" ይልሻል፤ ያንን በቃሌ እወጣዋለሁ። ይህኛው ግን "አራት ታካሚ አሉሽ፣ መጀመሪያ ማን ጋ ትሄጃለሽ? የትኛውን ሥራ ለረዳትሽ ትሰጫለሽ?" ነው የሚለው። እኛ አገር የታካሚው ረዳት አስታማሚ ነው። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚመጣው ዘመድ ነው፤ ነርሷ ሥራ አከፋፋይ ሆና አታውቅም። ሁለተኛ ስቀመጥ እያንዳንዱን ጥያቄ የምሠራበት ፎቅ ላይ ወስጄ አየሁት። ነርሷ ለእኔ ምን ትሰጠኛለች? ማጠብ፣ ማብላት፣ የተረጋጋ ታካሚ ግፊትና ሙቀት መለካት። የማትሰጠኝስ? አዲስ የገባን ታካሚ መገምገም፣ ስለ መድኃኒት ማስተማር፣ ሁኔታው የተለወጠን ሰው ማየት። የፈተናው ልብ እዚያ ነው ያለው፣ አንቺም አሁን በየቀኑ እያየሽው ነው። ነርሷ መጀመሪያ የማንን በር እንደምትከፍትና ለምን እንደሆነ ተከታተያት።

የሥራ ቃለ መጠይቅም አለ። እኔ የመጀመሪያው ላይ "ታካሚው ደም ፈሰሰው፣ ቶሎ የደም ሥር መስመር ከፈትን፣ ሐኪም ጠራን፣ አዳንነው" ብዬ ተናገርኩ። ጠያቂዋ "አንቺ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። "ከጓደኞቼ ጋር ሆነን..." አልኳት። ደግማ "አንቺስ?" አለችኝ። እኛ ቤት "እኔ እኔ" ማለት ነውር ነው፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሥራውን አላገኘሁትም። ከዚያ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ "መስመሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" ማለት ተለማመድኩ። ሁለት ዓመት ማዋለጃ ክፍል የሠራሽ ልጅ የምትናገሪው ብዙ አለሽ፤ ሳትሸራርፊ ተናገሪው።

መጀመሪያ ሜድሰርግ (የአዋቂዎች ሕክምናና ቀዶ ሕክምና ክፍል) ቢሰጡሽ ተቀበዪ። ማዋለጃ ክፍሉ ይደርሳል፣ መሠረት የሚጣለው እዚያ ነው። ሳምንቱ ሦስት የአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት ነው። ስለ በዓል የሚያስጨንቅሽ ከሆነ፣ እኔ ዲሴምበር 25ን ለሥራ ባልደረቦቼ እሠራላቸዋለሁ፣ እነሱ ጃንዋሪ 7ን ይሠሩልኛል። እስካሁን ገና ላይ ቀርቼ አላውቅም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የመጣሁበት መንገድ ሌላ ስለሆነ የነርሲንግ ዲግሪ ሳይኖራቸው ይህን ለሚያነቡ ልጨምር። አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። እዚህ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ገባሁ። አናቶሚውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን ማታ ማታ ጨረስኩ፣ ቲስ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ወሰድኩ፣ አርኤን ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላ ዲግሪውን ኦንላይን ሆስፒታሉ እየከፈለልኝ ጨረስኩ። በአጠቃላይ ስድስት ዓመት። የእኛ ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ይንቃል፤ እባካችሁ አትናቁት፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት ደሞዝ ከዚያ ነው የመጣው።

ለሲኤንኤ ሥልጠና የምትከፍሉም እወቁ፦ ሥልጠናውን በጨረሳችሁ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሜዲኬይድ ወይም ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ከቀጠራችሁ የከፈላችሁት ተመላሽ እንዲሆን የፌዴራሉ ደንብ ያዛል። ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ የለም።

አንድ ነገር ግን በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። "ሳትማሪ ዲፕሎማ እንሰጥሻለን፣ ፈተናውን ብቻ ውሰጂ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። በጃንዋሪ 2023 "ኦፕሬሽን ናይቲንጌል" በተባለው የፌዴራል ምርመራ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጡ ተገልጿል። ከገዙት ብዙዎቹ እንደኛው ለፍተው ያገኙትን የከፈሉ ሰዎች ናቸው፣ ፈቃዳቸውን የተቀሙ አሉ። ትምህርት ቤቱ በስቴቱ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን ከቦርዱ ራሱ ሳታረጋግጡ አንድ ዶላር አትክፈሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እህቴ፣ ስለ አማኑኤል የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ፤ እኔም እዚያ ወጥቻለሁ፣ የእኔም ትራንስክሪፕት ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ትናንት ለወንድሜ ደውዬለት ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቴ ሄዶ ነበር። "ያለ ውክልና አናስተናግድም" ብለው መለሱት። አሁን ይኼን ከየት ነው የማመጣው?

ከላውረል፦

አይዞሽ፣ የእኔንም ወንድም መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው የመለሱት። ውክልናውን ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ትሰጫለሽ። ስታስጽፊ "ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽም" ብለሽ አታልፊው፤ "ትራንስክሪፕት፣ የኮርስና የተግባር ሰዓት ዝርዝር፣ የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫ እንዲያስልክ" ብለሽ ለይተሽ አስጽፊ። ወንድምሽ ሲደርሰው ውጭ ጉዳይ አረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዝግበው፣ ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት ቤቱ የሚሰማው። ሲሄድ ሬጅስትራሩን ትቶ በቀጥታ ዲፓርትመንቱ ጋ ይጀምር፣ የተመረቅሽበትን ዓመት ካሪኩለም ብሎ ይጠይቅ።

ረቡዕ ሥራ የለኝም። ደብል ካልያዝሽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮው ጋ ጠብቂኝ፣ ኤምባሲ አብረን እንሄዳለን። ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽንና የሙያ ፈቃድሽን ያዢ፤ ስሙን መንገድ ላይ አብረን እናስተያየዋለን።