ዴስክቶፓችን ዊንዶውስ ሳይገባ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል፤ የእድሩ መዝገብ ደግሞ ውስጡ ነው

የጸሐፊው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ታግዬ ሲያቅተኝ ነው የመጣሁት። ቤት ያለን አሮጌ ዴል ዴስክቶፕ ነው። 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። ቅዳሜ ማታ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስናበራው የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ትንሽ ይዞራሉ፣ የሆነ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል፣ ሪስታርት። እንደገና ምልክቱ፣ እንደገና ሪስታርት። አንዳንዴ «ፕሪፔሪንግ ኦቶማቲክ ሪፔር» ይላል። ደስ ይለኛል። ከዚያ ያው ነው።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጮው፣ ውዝፍ ያለበት፣ ድንኳንና ወንበር የወሰደ፣ ሁሉም ኤክሴል ላይ ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለንም። አዎ፣ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ልጁ ገና ሳያበራው «ፎርማት ነው፣ ዳታው ይጠፋል» አለኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ። ሌላ መላ አለ? እሁድ የእድር ስብሰባ አለ።

ሦስተኛ ዓመት፦

ሲስተም ፋይሉ ተበላሽቷል። በፍላሽ አዲስ ዊንዶውስ ጫኚበት። ፎርማት አድርገሽ ተገላገዪ፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም።

ባለ ካቻቢቴ፦

ወንድሜ፣ «መዝገቡ ውስጡ ነው» እያለችህ ፎርማት ትላታለህ?

እህቴ፣ ምንም ከመጫንሽ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ዝም ብሎ ሪስታርት የሚያደርግ ማሽን ወይ ዊንዶውሱ ታሟል፣ ወይ ዕቃው ታሟል። መለያው ቀላል ነው። ስታበሪው ኤፍ 2ን ቶሎ ቶሎ ተጫኚ፤ ዴል ላይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) የሚገባው በእሱ ነው። ባዮሱ ሲከፈት ምንም አትንኪ። እንደተከፈተ ግማሽ ሰዓት ተይው። እዚያ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። እዚያም ተቀምጦ ድርግም ካለ በዊንዶውስ አትፍረጂ፤ ፓወር ሰፕላዩን፣ ራሙን፣ ሙቀቱን ነው የምንጠረጥረው። ሳይጠፋ ከቆየ ግን ካቻቢቴውን አስቀምጪና ተመልሰሽ ንገሪኝ።

ቡና ጠጪ፦

ካቻቢቴውን ከማስቀመጧ በፊት እኔም ልናገር። የእኔ እንዲህ ሲያደርግ ጥፋቱ አቧራ ነበር። ሲፒዩውን ከፈትኩት (ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ እኛ ሰፈር ሳጥኑ በሙሉ ሲፒዩ ነው)። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ ትራስ ይሞላል። ራሙን ነቅዬ ወርቃማውን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጌ ጠርጌ መለስኩት። እስካሁን ይሠራል። ግን ሶኬቱን ሳትነቅዪ እንዳትነኪው።

የጸሐፊው ልጅ፦

ባዮስ ላይ 40 ደቂቃ ተቀመጠ፤ ንቅንቅ አላለም። ራሙንም አውጥቼ በላጲስ ጠረግኩት። አቧራውስ ጉድ ነው፣ እናቴ አይታ «ይሄን ሁሉ ቤቴ ውስጥ አስቀምጠሽ ነው?» አለችኝ። ግን ስገጥመው ያው ሪስታርት።

ባለ ካቻቢቴ፦

ጥሩ። እንግዲህ ዊንዶውሱ ነው ብለን እንሂድ። ያቺ ብልጭ የምትለው ሰማያዊ ነገር ናት ቁልፏ። ዊንዶውስ ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ እዚያ ላይ ይጽፋል። ችግሩ፣ ሳታነቢው ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን እናስቁመው።

ነጠብጣቦቹ መዞር ሲጀምሩ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነሽ ያዢ። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጊ። ከዚያ የጥገናው ገጽ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ትራብልሹት»፣ እንደገና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»። ቁጥር የተሰጣቸው ዝርዝሮች ታያለሽ። ብዙ ሰው 4ን ይጫናል፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት) ስለሆነ። አንቺ 9ን ተጫኚ። 9 ማለት «ስትወድቅ ሪስታርት አታድርግ» ነው። ሰማያዊው ገጽ ቆሞ ይጠብቅሻል። በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ጋሼ ዶስ፦

ይሄ የሪስታርት ነገር ትዝታዬን ቀሰቀሰው። ነሐሴ 1995 ነው፣ በፈረንጅ 2003። ብላስተር የሚሉት ዎርም (በኔትወርክ ራሱን የሚያዛምት ቫይረስ) መጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው ማሽን ሁሉ ኔትወርክ ሲነካ «በ60 ሰከንድ ውስጥ እዘጋለሁ» የሚል ሳጥን ያወጣና ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። እኛ ቢሮ ውስጥ ሩጫ ነበር። ቆጠራው ሳያልቅ ረን (ትእዛዝ የሚጻፍባት ሳጥን) ላይ ሻትዳውን፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤ ብለን መጻፍ። ከዚያ ይቆማል። አንድ ጸሐፊ ነበረች፣ 60 ሰከንዱ ሳይሞላ ጽፋ ቡናዋን ትጠጣ ነበር። ማስተካከያው ከአንድ ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ማን ጭኖት!

ያኔ ማሽኑ ቢያንስ ለማንበብ 60 ሰከንድ ይሰጥ ነበር። የዛሬው ለዓይን እንኳ አይቆምም። ልጄ፣ 9ን ተጫኚ፣ የተባልሽው ትክክል ነው።

የጸሐፊው ልጅ፦

ቆመ! ያዘነ ፊት ያለበት ሰማያዊ ገጽ። ከታች «ስቶፕ ኮድ፦ ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ» ይላል። ምን ማለት ነው? ሞቷል ማለት ነው?

ባለ ካቻቢቴ፦

አልሞተም፣ አይዞሽ። ዊንዶውስ ያለሱ መቆም የማይችለው አንድ ፕሮግራም ወድቋል ማለት ነው። መብራት በመሃል ሲቋረጥ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ግማሹ ይቀራል፤ ያ ፋይል የሲስተሙ ከሆነ እንዲህ ያደርጋል። ዲስኩ ራሱ ተጎድቶም ይሆናል፣ እሱን በኋላ እናያለን።

ሦስተኛ ዓመት፦

እሺ፣ ፎርማቱን ትቼዋለሁ። ታዲያ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዲስክ መፈተሻ ትእዛዝ በስላሽ አር ታስኬደው፣ ዲስኩን ያስተካክልላታል።

ባለ ካቻቢቴ፦

መድኃኒቱ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። ስላሽ አር ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዲስኩ እያጣጣረ ከሆነ ያቺን የቀረችውን ትንፋሽ እዚያ ላይ ትጨርሳለች። መጀመሪያ መዝገቡ ይውጣ።

እህቴ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፍላሽ ሰኪ። ያው የጥገና ገጽ ግቢና በ«ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ፈንታ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ምረጪ። የአካውንቱን የይለፍ ቃል ሊጠይቅሽ ይችላል። ጥቁሩ መስኮት ሲመጣ ኖትፓድ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ኢንተር። አዎ፣ ያው ኖትፓድ ነው። «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» በይ። ከታች ያለውን «ቴክስት» የሚል ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ቀይሪው፣ አለበለዚያ ኤክሴሉ አይታይሽም። አሁን የዲስኩን ፎልደሮች በሙሉ ታያለሽ። የአባትሽን ፋይል በቀኝ ክሊክ ኮፒ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት።

ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ እዚህ ቦታ የዲስኮቹ ፊደል ይቀያየራል። ሲ ውስጥ ምንም ካጣሽ አትደንግጪ፣ ዲን እይው። «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበት የእናንተ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ፎልደር ኮፒ ስታደርጊ ስንት እንደቀረው አያሳይሽም። የደረቀ ይመስላል። አትንኪው፣ ተነሥተሽ ሌላ ሥራ ሥሪ።

የጸሐፊው ልጅ፦

ወጣ! ሲ ውስጥ እውነትም ምንም አልነበረም፤ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ዲ ውስጥ አገኘሁት። «እድር አዲሱ»፣ «እድር አዲሱ 2»፣ «እድር የመጨረሻ»፣ «እድር የመጨረሻ እውነተኛው» የሚሉ አራት ፋይሎች ናቸው። አራቱንም ወሰድኩ። ፎቶዎቹንም ጨመርኩ፤ ፎቶዎቹ ሲገለበጡ የደረቀ መስሎኝ ልነቅለው ነበር፣ ምክርህ ትዝ አለኝ። ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁት፣ ይከፈታል። እግዜር ይስጥህ።

ባለ ካቻቢቴ፦

አሜን። እንግዲህ ወደ ጥገናው። ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሺ። ሁለት ትእዛዝ ነው፣ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ፊደል። መጀመሪያ የፋይል አደራጁን፦ ሲ ኤች ኬ ዲ ኤስ ኬ (አናባቢ የለውም)፣ ክፍተት፣ ዲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ኤፍ። ኤፍ እንጂ አር አይደለም። ቶሎ ያልቃል።

ቀጥሎ የሲስተም ፋይሎቹን፦

ኤስኤፍሲ /ስካንናው /ኦፍቡትዲር=ዲ:\ /ኦፍዊንዲር=ዲ:\ዊንዶውስ

ስካንናው አንድ ቃል ነው፣ በመሃሉ ክፍተት የለም። ብዙ ሰው «ኤስኤፍሲ ስካንናው» ብቻ ብሎ ይጽፍና «አልሠራም» ብሎ ይመለሳል። እዚህ የምትሠሪው ከውጭ ሆነሽ ስለሆነ የታመመው ዊንዶውስ የት እንዳለ መንገር አለብሽ። ካለቀ በኋላ መስኮቱን ዝጊና «ኮንቲንዩ» በይ።

ከሐዋሳ፦

ጥያቄ አቋረጥኩ፣ ይቅርታ። የእኔ ላፕቶፕ ይገባል፣ በደንብ ይሠራል፣ ግን በየ1 ሰዓቱ ራሱን ይዘጋል። ልክ ሰዓት እንደተሞላለት። ጀርባ ሥዕሉም ጥቁር ሆኗል። እኔም ይሄንኑ ላድርግ?

ባለ ካቻቢቴ፦

አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ረን ላይ ዊንቨር ብለህ ጻፍ። «ኢቫሉዌሽን» የሚል ካየህ የጫኑልህ የሙከራ ዊንዶውስ ነው። 90 ቀን ይሠራል፣ ቀኑ ሲያልፍ በየ1 ሰዓቱ ይዘጋል። አልታመመም፣ ቀጠሮው ደርሶ ነው። ዶክመንትህን አስቀምጥና መደበኛውን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫን።

ከሐዋሳ፦

«ኢቫሉዌሽን» ይላል። የጫነልኝን ልጅ አሁኑኑ ደውዬ…

የጸሐፊው ልጅ፦

ገባ!! ኤስኤፍሲው ወደ 20 ደቂቃ ቆየ፣ «የተበላሹ ፋይሎች አግኝቼ ጠግኛለሁ» የሚል ነገር አመጣ። ከዚያ አንዴ ሪስታርት አደረገ፣ ልቤ ቆሞ ስጠብቅ ዴስክቶፑ መጣ። የአባቴ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ጀርባ ሥዕል እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም። ግን ቀርፋፋ ነው። ፎልደር ሲከፈት ሳጥኑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ።

ባለ ካቻቢቴ፦

ጠቅ ጠቁን አልወደድኩትም። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጂና ክፈቺው። የዲስኩን ጤና በቀለም ይነግርሻል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው።

የጸሐፊው ልጅ፦

ቢጫ ነው። «ኮሽን» ይላል።

ባለ ካቻቢቴ፦

እንደጠረጠርኩት። ቢጫ ማለት ዲስኩ ላይ መጻፍ የማይቻልባቸው ቦታዎች እየበዙ ነው። ዛሬም ነገም ይሠራ ይሆናል፣ የእድር ገንዘብ ግን አይጣልበትም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዢ፤ 240 ጊጋ ለእናንተ ይበቃል። ኬብሉ ያው የሃርድ ዲስኩ ነው፣ ቀይረሽ መሰካት ብቻ። ማሽኑ አዲስ የተገዛ ነው የሚመስልሽ፣ ይሄን በእርግጠኝነት ነው የምነግርሽ። አሮጌውን ዊንዶውስ አትገልብጪ፣ ንጹሑን ጫኚ። ሦስተኛ ዓመት፣ አሁን ነው ያንተ ፍላሽ የሚያስፈልገው።

ሦስተኛ ዓመት፦

ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን፣ ያለበት ነገር ሁሉ ይጠፋል። መዝገቡን ያወጣሽበትን ፍላሽ እንዳትጠቀሚ! አንድ ነገር ደግሞ፦ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነፃ ድጋፉ አብቅቷል። 11 ደግሞ ኢንቴል ላይ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። 4ኛ ትውልድ አይቀበልም። ለኤክሴልና ለፎቶ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ኡቡንቱም ያዋጣል፤ ሊብሬኦፊስ የኤክሴል ፋይል ይከፍታል።

ቡና ጠጪ፦

አባቷን ከኤክሴል ወደ ሊብሬኦፊስ? እድሩ ይፈርሳል።

ጋሼ ዶስ፦

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ ብቻ እንዲህ አያደርገውም፤ ያ ዲስክ ቆይቶ ነው የተጎዳው። አባትሽ ሲጨርሱ እንዴት ነው የሚያጠፉት?

የጸሐፊው ልጅ፦

ኧረ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ሄጄ ጠየቅኩት። «በእግሬ» አለኝ። ዲቫይደሩ ጠረጴዛው ሥር ነው ያለው፣ ቀይ ቁልፍ አለው። ሥራውን ሲጨርስ በእግሩ ቀይዋን ቁልፍ ይጫናታል። «አፕዴት ላይ ነኝ አታጥፋ» ሲለው ስለሚያናድደው ነው አሉ። ከመቼ ጀምሮ ስለው፣ «ከተገዛ ጀምሮ»።

ጋሼ ዶስ፦

ብያለሁ።

ባለ ካቻቢቴ፦

😂 ዩፒኤስ ግዙ ልል ነበር፤ መብራት ሲሄድ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ግን ለእግር ምን ያደርጋል?

የጸሐፊው ልጅ፦

ለሁላችሁም ልመልስ። ኤስኤስዲው ተገዛ፣ ዊንዶውሱ ከባዶ ተጫነ፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ ይነሳል። መዝገቡ አሁን ፍላሽ ላይም፣ ስልኬ ላይም፣ የወንድሜ ላፕቶፕ ላይም አለ። እሁድ ስብሰባው ላይ አባቴ አትሞ ይዞ ሄደ። ዲቫይደሩን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አባቴ ከስብሰባ ተመልሶ አየውና «አሁን በምን ላጥፋው?» አለኝ።