ለመጀመሪያ እባቤ የትኛው ጉዝጓዝ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሦስት ቀን በፊት ቦል ፓይተን የተባለ ትንሽ ዘንዶ ወደ ቤቴ አምጥቻለሁ፤ ይሁንና እስካሁን ከመደበቂያው ስላልወጣና የሰጠሁትን አይጥ ስላልነካ እጅግ አሳስቦኛል። ያስጨነቀው በሣጥኑ ወለል ላይ ያነጠፍኩት ሰጋቱራ ይሆን?

መላሽ 1፦ መደበቁ የዝርያው ተፈጥሮ ስለሆነ አይስጉ። ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይነኩት ይተዉት፤ ውኃውን ብቻ ይቀይሩለት፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ያቅርቡለት። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ መደበቂያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ሞቃቱ ጫፍ ወደ 32፣ ቀዝቃዛው ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው፤ ማሞቂያውም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ፈጽሞ አይሠራ፤ እባብ ሊቃጠል ይችላልና።

መላሽ 2፦ ሰጋቱራው ከምን እንጨት እንደተገኘ ያጣሩ። የሴዳርና የጥድ ዘይት የእባብን መተንፈሻ ስለሚጎዳ፣ ከእነዚህ ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት። ይህ ዝርያ ከ55 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ስለሚፈልግ፣ እርጥበት ይዞ ቶሎ የማይሻግተውን የኮኮናት ቃጫ እመርጥለታለሁ።

መላሽ 3፦ በቃጫው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ የመጥረጊያ ወረቀት ይቅደም እላለሁ። ውበት ባይኖረውም፣ ኩሱንና በቆዳው ላይ ሊኖሩ የሚችሉ ጥቃቅን ተባዮችን በግልጽ ያሳያል።

ጠያቂ፦ ሰጋቱራው የጥድ ሆኖ ስላገኘሁት አሁን በወረቀት ቀይሬዋለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ።