ክርክር፦ «ቅርሱ ፊቱ ነው፤ ውስጡ የነዋሪው ነው» ይባላል?

አሮጌ መስኮት፦
ሰሞኑን አንድ የቤት ውስጥ ዲዛይነር የሠራውን አፓርታማ ለጋዜጠኛ ሲያስጎበኝ አየሁ። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ልስኑን እስከ ድንጋዩ ፍቆታል። የጣውላ ወለሉን ነቅሎ ሴራሚክ አንጥፏል። በሮቹ የት እንደገቡ የጠየቀው የለም። ከዚያ «ቅርሱ ፊቱ ነው፤ ውስጡ የነዋሪው ነው» ብሎ አረፈው። ጋዜጠኛውም አለፈው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከመንገድ የሚታየው ብቻ ከተረፈ ቅርስ ተረፈ ይባላል?

ሦስተኛ ፎቅ፦
እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር። ለአንድ ክፍል አንድ ሶኬት ነው ያለኝ። የላይኛው ጎረቤቴ ሲራመድ እርምጃውን እሰማለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መዞር አይቻልም። ውጭ ቆሞ «እንዴት ያምራል» ማለት ቀላል ነው። ሰው ካልኖረበት ማን ይጠብቀዋል? ባዶ ሕንፃ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት የለም። ሰውየው ልክ ነው። ውስጡ የነዋሪው ነው።

አሮጌ መስኮት፦
ሰው አይኑርበት ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና መመሪያ፣ የቬኒስ ቻርተር ራሱ ሕንፃው አገልግሎት ላይ ቢውል ይመረጣል ይላል። ግን እዚያው ላይ የክፍሎቹን አቀማመጥና ጌጡን አትለውጡ ብሎ ይገድባል። የክፍል አቀማመጥ ያለው ውስጥ ነው፤ ፊቱ ላይ አይደለም።

ቀጥታ መስመር፦
እህቴ፣ ቻርተሩን ከጠቀስሽ ግማሹን አትተዪው። ያው ቻርተር የግድ የሚጨመር አዲስ ነገር ካለ ከአሮጌው ተለይቶ ይታወቅ፣ የዘመኑን ምልክት ይያዝ ይላል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ካርሎ ስካርፓ ቬሮና በሚገኘው ካስቴልቬክዮ ግንብ ውስጥ ብረትና ኮንክሪት አስገብቷል። ዛሬ የሙያው ተማሪ ሁሉ ሊያየው ይሄዳል። በርሊን ያለው ኖየስ ሙዚየምም አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ሲከፈት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደመው ዋና ደረጃ በአዲስ ኮንክሪት ተሠርቶ ነበር። አርክቴክቱ ቺፐርፊልድ የድሮውን ጌጥ አልደገመም። አሮጌ ቤት ውስጥ አሮጌ ነገር ብቻ ይግባ ማለት ፍርሃት ነው።

አሮጌ መስኮት፦
እነዚህማ የኔ ምስክሮች ናቸው። ስካርፓ አዲሱን ወለል ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አላጋጠመውም። ጠርዝ ለጠርዝ ክፍተት ትቶ አቆመው። አሮጌው የት እንደሚጀምር ዓይንህ ያየዋል። ኖየስ ሙዚየም ውስጥም የተረፈው ልስንና ቀለም ከነጉዳቱ ተጠብቋል። የኛ ዲዛይነር ምን አስቀረ? ፍቆ ጣለው። ሁለቱን «ዘመናዊ» ብለህ አንድ ላይ አትሰፋቸው።

ኖራና ሲሚንቶ፦
ልጆች፣ ዕድሜዬን በጥገና ሥራ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። «ውስጡ» የምትሉት ከ«ፊቱ» የት ላይ ነው የሚለየው? ግድግዳው አንድ ነው። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም ያስወጣል። ከውስጥ በሲሚንቶ ስትለስነው ወይም ውሃ በማያሳልፍ ቀለም ስትደፍነው በዚያ በኩል መውጫ ያጣል። እርጥበቱ በውጭው ፊት ይወጣል፤ ጨውም ይዞ ይወጣል። ያኔ ድንጋዩና ጡቡ እየተላጠ ይረግፋል። ከመንገድ የሚያደንቁት ፊት የተበላሸው ሳሎን ውስጥ በተሠራ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ወለሉን የሚሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ለሙቀት ብለህ ግድግዳውን ከውስጥ በፎም ስትሸፍነው፣ ከፎሙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይቀዘቅዛል። የቤቱ እንፋሎት ሾልኮ እዚያ ከደረሰ ውሃ ይሆናል። የእንጨቱ ጫፍ ዓመታት ወስዶ ይበሰብሳል። አይታይም፤ አይሸትም። ወለሉ ጥግ ላይ መውረድ ሲጀምር ነው የሚታወቀው።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የነገሩን ስለ መጥፎ ሥራ ነው። መጥፎ ሠራተኛ አዲስ ሕንፃም ያበላሻል። «ውስጡ የነዋሪው ነው» የሚለው ግን ስለ መብት ነው። ከፍዬ ገዝቻለሁ። የምተኛበትን ክፍል ቀለም ሌላ ሰው ይወስንልኝ?

ኖራና ሲሚንቶ፦
ቀለምማ ቀባ፤ እርጥበት የሚያሳልፍ ይሁን እንጂ ማንም አይከለክልህም። የምናወራው ስለ ቀለም ምርጫ አይደለም። አንተ የነካኸው ግድግዳ የጎረቤትህም ግድግዳ ነው። ያንተ ወለል የታችኛው ሰው ጣሪያ ነው።

ቀጥታ መስመር፦
ድንጋዩን ማሳየት ግን ምን ክፋት አለው? ልስን ሽፋን ነው። ስር ያለውን እውነተኛ ግንባታ ገልጦ ማሳየት ለሕንፃው ክብር ነው።

አሮጌ መስኮት፦
ይሄ ክርክር ከኛ በፊት ያለቀ መስሎኝ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ እንግሊዝ ውስጥ የመሠረቱት የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር በቅጽል ስሙ «ፀረ-ፍቅ» ይባል ነበር። የአብያተ ክርስቲያናት ልስን «እውነተኛው ድንጋይ ይታይ» እየተባለ ይፋቅ ስለነበር ነው የተነሡት። አንተ ዘመናዊ የምትለው ፋሽን እነሱን ያስቆጣው ያው ነገር ነው።

ኖራና ሲሚንቶ፦
ድንጋዩ እንዲታይ የተሠራ ከሆነ ጠርዙ በደንብ ተጠርቦ ታገኘዋለህ። ካልተጠረበ ግንበኛው ልስን እንደሚለብስ አውቆ ነው የሠራው። ፍቀህ ስታበቃ የምታገኘው አቧራውን ሳሎንህ ላይ የሚያራግፍ ግድግዳ ነው። በኋላ ቫርኒሽ ይቀቡታል። ያ ደግሞ ይደፍነዋል።

ሦስተኛ ፎቅ፦
እሺ፣ አትፋቅ፣ አትድፈን፣ አትንቀል። ታዲያ እኔ የት ልታጠብ?

አሮጌ መስኮት፦
ጥሩ ጥያቄ። መታጠቢያ ቤቱን ክፍሉ ውስጥ ራሱን ችሎ እንደሚቆም ሳጥን ሥራው። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ የሳጥኑ አናት ጌጡን ሳይነካ ያልቃል። ጌጡም ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ ይታያል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢፈታው ክፍሉ እንደነበረ ይገኛል። ሽቦውን ከዞኮሎው ጀርባ አሳልፈው፤ ግድግዳ አትጠርብ።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ፍሳሹስ? ፍሳሽ ተዳፋት ይፈልጋል። ሳጥን በየትም አይቆምም።

ኖራና ሲሚንቶ፦
እውነቱን ነው። ሳጥኑ ነባሩ የፍሳሽ መውረጃ አጠገብ መሆን አለበት። የሳጥኑ ወለል በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ቧንቧው እዚያ ውስጥ ተዳፋቱን ያገኛል። ከፍ ማድረግ ካልተቻለ በእንጨቶቹ መሃል፣ በርዝመታቸው ይሂድ። አቋርጦ መሄድ የለበትም። የተሸካሚ እንጨት መሃሉን ከታች በኩል ቆርጠው ቧንቧ ያሳለፉበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ወለሉ ሰው ሲራመድበት ይወዛወዛል።

ቀጥታ መስመር፦
ይኸው፣ ራሳችሁ ውስጡን እየለወጣችሁ ነው! ክሮኤሺያ ውስጥ ስፕሊት ከተማ የሚገኘውን የሮማዊውን ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት ውሰዱ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው። ሰዎች ገብተው ክፍል ከፍለው፣ መስኮት ከፍተው ኖሩበት። ዛሬም ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ነዋሪዎቹ ውጡ አልተባሉም። «አትንካ» ቢባሉ ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር አይኖርም ነበር።

አሮጌ መስኮት፦
ስፕሊት ላይ ትውልድ በትውልድ ላይ ጨመረ። ያ ደግሞ የተሠራው በየዘመኑ በተገኘው ድንጋይና እጅ ነው። ዲዛይነርህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አወጣ። መጨመርና መጥረግ አንድ አይደሉም።

ቀጥታ መስመር፦
«መጥረግ» የምትዪው ከተበላ ጣውላ በቀር ሌላ ነገር ስለመኖሩ በምን አወቅሽ? ቤቱን አላየሽውም።

አሮጌ መስኮት፦
በሮቹ ተበልተው ነበር? ሁሉም? ከተበሉስ የተበላው ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት አይቀጠልም? የአውስትራሊያው የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ የቡራ ቻርተር፣ የሚያስፈልገውን ያህል ለውጥ፣ የሚቻለውን ያህል ግን ትንሽ ለውጥ ነው የሚለው። እኔ ከዚህ የተለየ አልጠየቅሁም።

ቁልፍ ያዥ፦
ጣልቃ ልግባ። እኛ ሕንፃ ላይ ነዋሪዎች የእንጨት መስኮቶቹን በአሉሚኒየም እንቀይር እያሉ ነው። ምክንያታቸው ብርዱና የመንገዱ ጫጫታ ነው። መስኮት ፊት ነው ወይስ ውስጥ?

ሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ብሆን ዛሬውኑ ድምፄን እሰጣለሁ። ብርዱን የማያውቅ አይፍረድ።

አሮጌ መስኮት፦
እባካችሁ! የድሮው እንጨት ቀስ ብሎ ያደገ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዛሬ ገበያ ላይ አታገኙትም። ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት በራሱ ፍሬም ይገጠም። ብርዱንም ጫጫታውንም ይቀንሳል። ከመንገድም ነባሩ መስኮት እንዳለ ይታያል።

ኖራና ሲሚንቶ፦
በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ፤ ድምፅን የሚይዘው እሱ ነው። ከነባሩ በኩል ደግሞ ትንሽ አየር ይግባ። ካልሆነ ነባሩ መስታወት ላይ ላብ ይቋጥራል።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ጠዋት ጠዋት ሁለት መስኮት መክፈት፣ ሁለት መስኮት ማጽዳት። ይህንን የምታደርጉልኝ እናንተ ናችሁ?

ቀጥታ መስመር፦
ለዚህ መልስ ስጪው፣ አሮጌ መስኮት። እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

አሮጌ መስኮት፦
እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ በሮቹ የት እንደገቡ ንገረኝ።