የቬሲክል ስሌቱ በሁለት መንገድ አልገጥም አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እዚህ ጎንደር ለፊዚዮሎጂ ተማሪዎች የማዘጋጀው ልምምድ ላይ ስሌቱ አልገጥም ብሎኝ ተቸግሬአለሁ።

ዳታው ከእንቁራሪት የነርቭና ጡንቻ መገናኛ ነው። የፈሳሹ ካልሲየም ዝቅ፣ ማግኒዚየሙ ከፍ ተደርጓል፤ ነርቩ በተቀሰቀሰ ቁጥር የሚለቀቁት የአሴቲልኮሊን (ነርቩ ጡንቻውን የሚያዝበት ኬሚካል) ቬሲክሎች፣ ማለትም ኬሚካሉን የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች፣ ጥቂት ሆነው እንዲቆጠሩ። 200 ጊዜ ተቀስቅሶ 36ቱ ላይ ምንም ምላሽ የለም። ባዶዎቹን ጨምሮ አማካይ ምላሹ 1.0 ሚሊቮልት፣ ያለ ቅስቀሳ በራሱ ጊዜ የሚመጣው ትንሹ ምላሽ (የአንድ ቬሲክል የሚባለው) ደግሞ በአማካይ 0.5 ሚሊቮልት ነው። ሲካፈል በአንድ ቅስቀሳ 2 ቬሲክል። ከባዶዎቹ ተነስቼ በፖይሰን የዕድል ቀመር ሳሰላው ግን (የ200/36 ናቹራል ሎጋሪዝም) 1.7 ብቻ! 2 ትክክል ቢሆን ባዶዎቹ 27 ገደማ በሆኑ ነበር። የ9 ልዩነት ወደ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስለሚጠጋ አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

እባካችሁ «ባይኖሚያል (ሌላኛውን የዕድል ቀመር) ተጠቀም» እንዳትሉኝ፤ እሱ ባዶውን ይቀንሳል እንጂ አያበዛም። አንዱ ጥርጣሬዬ የአንድ ቬሲክል ምላሽ በኤሌክትሪክ ጫጫታው ተውጦ ባዶ ተብሎ መቆጠሩ ነው። ግን በዚያው ጫጫታ ከራስ-በራስ ምላሾቹም ትንንሾቹ ጠፍተው ከሆነ፣ 0.5 የሚለው ራሱ የተጋነነ ነው፤ ክፍተቱም ይብሳል። ሌላው፣ የመልቀቅ ዕድሉ በቀረጻው መሃል ከዋዠቀ አማካዩ ያው ሆኖ ባዶዎቹ ይበዛሉ። ቀረጻውን በ50 በ50 ልከፍለው አሰብኩ፤ ታዲያ በየክፍሉ 9 ያህል ባዶ ምን ያሳያል?

ሁለቱን ጥርጣሬዎች የሚለይ ፍተሻ ያላችሁ ጠቁሙኝ። ጎንደር ያላችሁ ፒያሳ ብንገናኝ ቡናው በእኔ ነው፤ ጥሬ ዳታውን በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።